ሜጋ ኸርዝ ስንል የማንን ስም እንጠራለን?

ሬዲዮ ስትከፍቱ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁልጊዜ „ሜጋ ኸርዝ“ ሲባል ትሰማላችሁ። ኸርዝ የሰው ስም ነው። የዛሬው ታሪካችን የእሱ ነው፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃይንሪክ ኸርዝ በ1857 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ። የአባቱ ወገኖች አይሁድ ሲሆኑ፣ አባቱ ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ክርስትና ገብቷል። ሃይንሪክ ለትምህርትም ለእጅ ሥራም የተፈጠረ ልጅ ነበር። ዐረብኛ ተምሮ መምህሩን አስደነቀ፤ ጎን ለጎንም የቶርኖ ሥራ ተማረ። ኋላ ፕሮፌሰር መሆኑን የሰማው የቶርኖ መምህሩ፣ ምን ያለ ባለሙያ አመለጠን ብሎ እንዳዘነ ይነገራል። እኔም አስተማሪ ሳለሁ እጀ ብልህ ልጆችን አይቻለሁና ሰውየው አይፈረድበትም።

ኸርዝ በርሊን ከሊቁ ከሄልምሆልትስ ዘንድ ተምሮ በ1880 ዶክተር ሆነ፤ በ1885 ደግሞ በካርልስሩሄ ከተማ ፕሮፌሰር ሆኖ ተቀጠረ። የስኮትላንዱ ማክስዌል ኤሌክትሪክ እንደ ብርሃን በሞገድ እንደሚጓዝ ቀድሞ በስሌት አሳይቶ ነበር። በዓይን ያየው ግን አልነበረም። ኸርዝ በክፍሉ በአንድ ወገን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ፈጠረ። ራቅ ብሎ፣ ጫፍና ጫፉ ሊነካካ ጥቂት የቀረው የሽቦ ቀለበት ያዘ። በጨለማው ውስጥ በዚያ ክፍተት ላይም ትንሽ ብልጭታ ታየች፤ የሚያገናኛቸው ሽቦ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሕንፃው ራሱ ያስቸግረው ጀመር። ብልጭታው ግድግዳ አጠገብ ይበረታል፤ ከብረት ምሰሶ ጀርባ ይደክማል። ሌላ ሰው ቢሆን አዳራሹን ረግሞ በተወው ነበር። ኸርዝ ግን ጥፋቱን ትምህርት አደረገው። አዳራሹ 15 ሜትር ርዝመት፣ 14 ሜትር ስፋት፣ 6 ሜትር ከፍታ ነበረው። የተንጠለጠሉትን የጋዝ መብራቶች አስወረደ፤ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ ቁመቱ 4፣ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ የዚንክ ቆርቆሮ መታ። ቀለበቱን ይዞ ቀስ በቀስ ሲራመድ ብልጭታው አንድ ቦታ ይበረታል፣ ቀጥሎ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበረታል። በገበቴ ያለ ውሃ ሲነካ ዳሩን መትቶ እንደሚመለስ ሁሉ፣ የሚሄደውና ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ሲገናኙ አንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ ሌላ ቦታ ይጣፋሉ። ይህ በ1888 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ርዝመቱ 66 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞገድ በተዘጋ የእንጨት በር ሲያልፍ፣ በብረት ሲታገድ፣ ሰው በመሃል ሲያቋርጥ እንኳ ሲቋረጥ አሳየ።

ቂርያት መናሔም ውስጥ ስልክ ሲደወል ወደ መስኮት የማይሮጥ ማን አለ? ምክንያቱ ያው የኸርዝ ግድግዳ ነው። ከአንቴናው የሚመጣው ሞገድ ብዙውን ጊዜ ከሕንፃ ሕንፃ እየነጠረ ነው የሚደርሰን። ለስላሳ ግድግዳ እንደ መስታወት ይመልሰዋል፤ ሸካራ ድንጋይና በረንዳ በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ የማማድ ብረትና ቤቶን ያፍነዋል። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ትንሿ ሸካራነት ሁሉ ትቆጠራለች። ለዚህ ነው መሐንዲሶች አንቴና ከመትከላቸው በፊት የሰፈሩን ቤቶች በኮምፒውተር ስለው፣ ከየግድግዳው ምን ያህሉ እንደሚመለስ፣ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ፣ ምን ያህሉ እንደሚበተን የሚያሰሉት። የስልክ ሞገድ አጭር ስለሆነ፣ ድምፅ ሲቆራረጥባችሁ አንዳንዴ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ማለት ይበቃል።

ኸርዝ ይህን ሁሉ አላየም። በ1889 ወደ ቦን ከተዛወረ በኋላ ጥርሱንና አፍንጫውን ሕመም ያዘው፤ ቀዶ ሕክምናም አላዳነውም። ጥር 1 ቀን 1894፣ 37 ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ባለቤቱን ኤሊዛቤትንና ሁለት ትናንሽ ሴቶች ልጆቹን ትቶ ነበር። ማርኮኒ በዚህ ሞገድ መልእክት መላክ የጀመረው ከእሱ ሞት በኋላ ነው።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ግን የአያቶቹን ዘር ቆጠሩበት። ምስሉ ከሐምቡርግ ከተማ አዳራሽ ወረደ፤ ባለቤቱና ልጆቹም አገራቸውን ለቀው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። እንደኛ ተነቅሎ ሌላ አገር የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አያስፈልገውም።

በ1960 ዓለም አቀፉ የመለኪያ ጉባኤ ኸርዝ የሚለውን ስም ለሞገድ መለኪያነት አጸደቀው። ምስሉን ከግድግዳ ያወረዱት ሰዎች አለፉ፤ ስሙን ግን እኛም በአማርኛ በየቀኑ እንጠራዋለን።