ትምባሆን የጠሉት ንጉሥ

ከወረታ መገንጠያ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ የፎገራን ሜዳ ጥሎ ደብረ ታቦር ያደርሳል። ዛሬ ወረታ ላይ ሲጋራ የፈለገ ሰው ከሱቅ በፓኮም በፍሬም ገዝቶ ይሄዳል። ከ140 ዓመት በፊት ግን ደብረ ታቦር ላይ የከተሙ አንድ ንጉሥ ነበሩ፤ በእሳቸው ዘመን ጋያ ይዞ መገኘት ጣጣ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው።

ካሳ ምርጫ ተምቤን ውስጥ በ1829 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ መንገድ ስለሰጧቸው ሲመለሱ መሣሪያ ትተውላቸው ሄዱ። በዚያ መሣሪያ በ1863 ዓ.ም. ክረምት አፄ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ አጠገብ ድል አደረጉ፤ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሁለት ጊዜ መቱ።

ከጦርነቱ በኋላ ያሳሰባቸው የውስጡ አንድነት ነው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የቤተ ክርስቲያኑን የእምነት ክርክር ዘጉ፤ ሙስሊም ሹማምንትም ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲተዉ አዘዙ። የትምባሆውም ነገር የመጣው ከዚሁ መንፈስ ነው። በካህናቱ ዘንድ ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ ሬሳ የበቀለ ቅጠል ነው ይባል ነበር። በዚያ ላይ የእስላምና የአረመኔ ልማድ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ የሚያጨስ ክርስቲያን ሃይማኖቱም ያጠራጥር ነበር። ንጉሡን ያስጨነቃቸው ሳንባ ሳይሆን እምነት ነው።

ቅጣቱ ከባድ ነበር። በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎች እንደጻፉት ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ተደንግጎ ነበር። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ምርጫ አይደለም። ዛሬ በእጅ የተጠቀለለ ውድ ሲጋር የሚቀምሱ አዋቂዎችን ብናይ ሥራቸው ሁሉ በእነዚሁ ሁለት አካላት ነው፤ ሳያቀጣጥሉ በፊት ቅጠሉን ያሸታሉ፣ ከዚያ ጭሱን ወደ ሳንባ ሳያስገቡ አፋቸው ውስጥ ያቆዩታል፣ ጣዕሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚለወጥ ይከታተላሉ። የአፄ ዮሐንስ ሕግ የቀጣው ያንኑ ጣዕም የሚለየውን አካል ነው።

በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጎርደን የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ገባ። ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። ንጉሡ ቦጎስና ምፅዋ ይመለሱልኝ አሉ፤ እሱም የሚሰጠው ነገር አልነበረውምና ሳይስማሙ ተለያዩ። ጎርደን በደብዳቤዎቹ የሳላቸው ንጉሥ ጨካኝ ነው፤ የትምባሆውንም አዋጅ ከጭካኔያቸው ቆጠረው። ተደራዳሪ ስለ ተደራዳሪው የጻፈው ነው ብሎ መጠንቀቅ ይገባል። ቢሆንም አዋጁን ያነሳው እሱ ብቻ አይደለም።

የአፄ ዮሐንስ ሕይወት ያለፈው በሃይማኖትና በድንበር መካከል ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ንጉሡ ዘመቱ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆሰሉ፣ በማግስቱ አረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ከእሳቸው በኋላ መንግሥት ትምባሆን በሞኖፖል ይዞ ራሱ ነጋዴ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከድርጅቱ 40 በመቶውን ድርሻ ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በሦስተኛው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ በተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ።

ሰዉ ስለ አፄ ዮሐንስ ሲያነሳ ወይ ጀግንነታቸውን ብቻ ወይ ጭካኔያቸውን ብቻ ይመርጣል። ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸው፤ አገር አንድ የሚሆነው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው ብለው አመኑ። በዚያ እምነት ለአገራቸው ሞቱ፣ በዚያው እምነት የሰው ገላ ላይ ቢላዋ አዘዙ። ትምባሆ ይጎዳል፤ ማስተዉ ግን በምክርና በሕግ እንጂ ከንፈር በመቁረጥ አይደለም። ደግሞም አልጠፋም፤ የወረታን ሱቅ ማየት ይበቃል።