ሺማዛኪ ቶሶን እና የናካሰንዶ መንገድ

ከማጎሜ ወደ ጹማጎ የሚያሻግረው፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የጃፓን የተራራ መንገድ ዛሬ ጸጥ ያለ ነው። ድንጋይ የተነጠፈበትን ዳገት ይዞ በእንጨት ቤቶቹ መካከል ለሚያልፍ ጎብኚ፣ ያለፈው ዘመንም እንዲሁ የረጋ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ መንገድ ኤዶን፣ የኋላዋን ቶኪዮ፣ ከኪዮቶ ጋር ያገናኝ የነበረው ናካሰንዶ ነው። በ69 የማረፊያ ጣቢያዎቹ የሚኖረው ሕዝብ ለሹማምንት ጉዞ ፈረስና ተሸካሚ የማቅረብ ግዴታ ነበረበት። የዚህን ሸክም ክብደት በጽሑፍ ያቆየው የማጎሜ ተወላጁ ደራሲ ሺማዛኪ ቶሶን ነው።

ቶሶን የብዕር ስሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲወለድ የወጣለት ስም ሀሩኪ ነበር። ቤተሰቡ ለብዙ ትውልድ ሆንጂን የተባለውን የመሳፍንት ማረፊያ ቤት ያስተዳድር ነበር፤ እናቱም የጹማጎው ሆንጂን ልጅ ነበረች። አባቱ ማሳኪ ከ1868ቱ ለውጥ ብዙ ጠብቆ ነበር። አዲሱ መንግሥት ግን የኪሶ ሸለቆን ደን ለራሱ አደረገው፤ ማሳኪም ስለ መንደርተኛው አቤት በማለቱ ከሹመቱ ተሻረ። በ1874 ቶኪዮ ላይ ግጥም የጻፈበትን ማራገቢያ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሰረገላ ወረወረ። በመጨረሻም አእምሮው ታውኮ ኤይሾጂ የተባለውን የመንደሩን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሊያቃጥል ሞከረ፤ በቤቱ ውስጥ በእንጨት አጥር ተዘግቶበት በ1886 ሞተ። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ለትምህርት ወደ ቶኪዮ ተልኮ ስለነበር ይህን ሁሉ በቅርብ አላየም።

ቶሶን በ1897 በግጥም፣ በ1906 ደግሞ በልብ ወለድ ስም አተረፈ። በዚያው ጊዜ ሦስት ሴት ልጆቹ ሞቱበት፤ በ1910 ሚስቱም ተከተለች። ከዚያ በኋላ የወንድሙ ልጅ ከእርሱ ጸነሰች፤ እርሱ በ1913 ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ከተመለሰም በኋላ ታሪኩን ራሱ በልብ ወለድ መልክ አሳተመው። ሃያስያን ይህን እንደ ድፍረት የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ጸሐፊ እይታ ግን ብዕሩ በአንዱ ወገን እጅ ብቻ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም።

ወደ አባቱ የተመለሰው ዘግይቶ ነው። ከ1929 እስከ 1935 በመጽሔት በተከታታይ የወጣው «ዮአኬ ማኤ»፣ ማለትም «ከንጋት በፊት»፣ ዋና ባለታሪኩን የቀረጸው በማሳኪ አምሳል ነው። ለተመራማሪ ትኩረት የሚገባው የሥራው ምንጭ ነው፤ ቶሶን በቤተሰብ ትውስታ ብቻ ሳይወሰን የአንድ የማጎሜ ጎረቤት ቤተሰብ ያቆየውን የቀን ማስታወሻ ተጠቅሟል። በ1861 የልዕልት ካዙኖሚያ የሠርግ ጉዞ በዚያ ሲያልፍ በመንደሮቹ ላይ የወደቀው ጫና በመጽሐፉ ውስጥ በዝርዝር የሚነበበው በዚህ ዓይነት ዝግጅት ነው።

የተወለደበት ሆንጂን በ1895 በእሳት ወድሟል። በቦታው በ1947 የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ። ጹማጎ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ በነዋሪዎቹ ጥረት ተጠብቆ በ1976 ብሔራዊ የጥበቃ ስፍራ ሆነ።

ቶሶን በነሐሴ 1943 በኦይሶ ከተማ ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ከፀጉሩና ከጥፍሩ ግን ተከፍሎ ማጎሜ ውስጥ አርፏል፤ ያረፈውም አባቱ ሊያቃጥለው በሞከረው በኤይሾጂ ነው።