ምኒልክ ጠመንጃ ያሠሩት ስዊዘርላንዳዊ፦ ሙሴ ኢልግ

ጅማ መርካቶ ቆማችሁ የቡና ጆንያ ሲጫንና ሲራገፍ ስታዩ ስለ ጠመንጃ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኛም አስበን አናውቅም ነበር። ግን የዛሬ 140 ዓመት ገደማ ከዚህ አገር የሚወጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በነጋዴ ቅፍለት ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ከባሕር ደግሞ ጠመንጃ ይመጣል። በዚያ ዘመን ሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ ጠመንጃ በእጁ የሠራ አንድ ሰው ነበር። አልፍሬድ ኢልግ ይባላል። የኛ ሰው ሙሴ ኢልግ ይለው ነበር። ዛሬ የእሱን ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል።

ኢልግ የተወለደው እ.ኤ.አ በ1854 በስዊዘርላንድ፣ ፍራወንፌልድ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ የምትገኘው ቱርጋው በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። ይሄን ልብ በሉልን፤ ምክንያቱም በዘመኑ ስሙ የገነነው ጠመንጃ ሠሪ ፍሪድሪክ ቬተርሊም የዚያው የቱርጋው ልጅ ነው። የስዊዘርላንድ ጦር የቬተርሊን ጠመንጃ በ1869 ሲቀበል ኢልግ የ15 ዓመት ልጅ ነበር።

የዚያ ጠመንጃ ጥይት አንድ የተለየ ነገር ነበረው። ዛሬ ብዙው ጥይት የሚቀጣጠለው ቀለሁ ከኋላ መሀሉ ላይ ሲመታ ነው። የስዊዘርላንዱ ቬተርሊ ግን የሚመታው የቀለሁን ጠርዝ ነው፤ እሳት የሚያስነሳው ቅመም ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል። ዛሬም በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ተኩስ ውድድር የሚተኮሰው ትንሹ ጥይት በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው። ደግሞ የሚገርም መገጣጠም አለ፦ የቬተርሊው አፈሙዝ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዛሬ በ50 ሜትር ውድድር 10 ነጥብ የሚያስገኘው የዒላማው መሀል ክብም ስፋቱ ልክ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው።

ወደ ኢልግ እንመለስ። ዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተማረ። በዚያው ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አውሮፓዊ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር፤ መልእክታቸው የደረሰው ኤደን ላይ በሚነግዱ ስዊዘርላንዳውያን በኩል ነው። ኢልግ ሁለት የእጅ ባለሙያ የአገሩን ልጆች አስከትሎ በ1878 ተነሳ። ከወራት ጉዞ በኋላ ጥር 1879፣ በኛ አቆጣጠር በ1871 ዓ.ም፣ አንኮበር ገባ። ገና 24 ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ ምን የሠራ ይመስላችኋል? ድልድይ? ባቡር? ኧረ የለም፤ ጫማ ነው። ምኒልክ ጫማ እንዲሠራላቸው አዘዙት። ጫማ ሰፊ ባይሆንም ሠራላቸው። ከዚያ የባሰው ትእዛዝ መጣ፦ ጠመንጃ። ኢልግ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣው እንደሚሻልና እንደሚረክስ ሊያስረዳ ቢሞክርም ንጉሡ በጄ አላሉም። እዚሁ አገር፣ ዓይናቸው እያየ እንዲሠራ ፈለጉ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጠመንጃ ዝም ብሎ እንዲጮህ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ያነጣጠሩትን እንዲመታ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። አፈሙዙ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠማዘዘ ቦይ ይቀረጻል፤ ጥይቱ በዚያ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ አቅጣጫውን ሳይስት ይሄዳል። ቦዩ እኩል ካልሆነ፣ ወይም የአፈሙዙ ጫፍ በትንሹ ከተሸረፈ፣ ጥይቱ ሲወጣ ወደ ጎን ይገፋል። እንጨቱም ጣጣ አለው። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ካበጠ ብረቱን ይጫነዋል፤ ያኔ ትናንት መሀሉን የመታ ጠመንጃ ዛሬ ይስታል። ኢልግ ይሄን ሁሉ ሊወጣ የሚችለው ከአገሩ በያዘው እውቀት፣ በጓደኞቹ እጅና እዚህ ባገኘው ቁሳቁስ ብቻ ነበር።

ያም ሆኖ ጠመንጃው ተሠራ። ንጉሡም ተደሰቱ። ኢልግን ከዚያ በኋላ እንደ ተራ ተቀጣሪ አላዩትም።

ታዲያ ለምን በዚያው ብዙ ጠመንጃ አልተሠራም? መልሱ ጥይቱ ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ሰው አንድ ጥሩ ጠመንጃ ሊሠራ ይችላል። ትክክለኛ ተኩስ ግን አንዱ ጥይት ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ይፈልጋል፦ ባሩዱ በልክ፣ እርሳሱ በልክ፣ ቅመሙ በልክ። ዛሬም የውድድር ተኳሾች አንድ ጠመንጃ ይዘው የተለያየ ጊዜ ምርት ጥይት እየሞከሩ የሚስማማውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ እኩልነት በሺ ለሚቆጠር ጥይት የሚገኘው ከፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ያኔ አልነበረም።

ስለዚህ ተገዛ። እንግሊዞች ስናይደር የሚሉት ሰናድር ተባለ፤ ፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ የሚሉት ውጅግራ ተባለ። ጣሊያን ራሷ በወዳጅነቱ ዘመን በሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ሰጥታለች። በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ያ ሁሉ ጠመንጃ አንድ ላይ ጮኸ።

ዋጋውስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ጅማ ትገባለች። አባ ጅፋር ዳግማዊ ለምኒልክ በሰላም ገብረው፣ ግብራቸውን እየላኩ፣ ግዛታቸውን ከጦርነት አትርፈዋል። የሂርማታ ገበያም በዚያ ሰላም ደራ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ በዚያ ገበያ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ለዓድዋ ድል የሆነው ጠመንጃ የተገዛበት ንግድ የብዙ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ዕዳ አለበት። በድሉ ስንኮራ ይሄንንም ማወቅ አለብን ብለን እናምናለን።

ኢልግ ከጠመንጃው በኋላ ወደ ትልልቅ ሥራ ገባ። አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። በ1894 እ.ኤ.አ ውሃ በቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት እንዲደርስ አደረገ፤ ውሃ ወደ ላይ አይወጣም ብለው የሳቁበት አፋቸውን ያዙ። በዚያው ዓመት የጅቡቲ አዲስ አበባን ባቡር የመሥራት ፈቃድ አገኘ። በ1897 ደግሞ የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ፤ ከአውሮፓ መልእክተኞች ጋር በሚደረገው ድርድር የምኒልክ ቀኝ እጅ ነበር።

መጨረሻው ግን እንደ ጅማሬው አልሆነም። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ፤ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ተሻሙበት። ኢልግ በ1906 ከኢትዮጵያ ወጣ፤ በዓመቱ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጥር 1916 ዙሪክ ላይ በ61 ዓመቱ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ፉጨቱን ሳይሰማ ሞተ ማለት ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንሰናበት። ኢልግ ብረት ቀጥቅጦ አማካሪ ሲሆን፣ የኛው አገር ቀጥቃጭ ግን ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን የሚሰድብ እንደሚቀጣ አስታወቁ። አንድ የውጭ ሰው ጠመንጃ ሲሠራ የተደሰቱት ንጉሥ፣ የአገራቸው ሰው ጠመንጃ እንዳይሠራ የያዘው ብረት ማጣት ብቻ ሳይሆን ስድብም እንደሆነ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

እስኪ በየሰፈራችሁ ያለውን ባለሙያ አስቡት። በያጆው፣ በጋራዡ፣ ስልክ በሚጠግነው። ስሙን አስታውሳችሁ ታመሰግኑታላችሁ ወይስ ቅጽል ታወጡለታላችሁ? ጻፉልን፤ እናነባለን።