ከባሪያ ንግድ እስከ ነቀምት፦ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በሁለት ስም ይታወቃሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። አማርኛ ሕልምንም እስረኛንም በአንድ ግሥ እንደሚፈታ ሁሉ፣ ይህም ቃል የታሰረን ከመፍታት የወጣ ነው። ሁለተኛውን ስም ያገኙት በጥምቀት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ የሚባለው ሰው ባሪያ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለጌታው ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት፣ እንደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምንለታል። ወጣቱ ይህን ስም ሲቀበል የባርነቱ ጠባሳ ገና አልሻረም ነበር።

ኦኔሲሞስ የተወለዱት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1856 ገደማ፣ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸውን ያጡት ገና በሕፃንነታቸው ነው። በ1869 የባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቁ፤ ከገዢ ወደ ገዢ እየተላለፉም ስምንት ጌቶች ተፈራረቁባቸው። በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳርቻ ምፅዋ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃቸው የዓረብ ገበያ ነበር፤ ነገር ግን ስዊስ ተወላጁ ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጧቸውና በከተማዪቱ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጧቸው። በ1872 የፋሲካ ዕለት፣ መጋቢት 31 ቀን ተጠመቁ።

ታሪካቸው እዚህ ላይ ቢያበቃ አያስገርምም ነበር። ብዙ ነጻ የወጡ ልጆች በሚስዮኑ ጥላ ሥር አድገው፣ ሙያ ተምረው፣ በዚያው በባሕሩ ዳርቻ ኖረዋል። ኦኔሲሞስ ግን የተሰጣቸውን ነጻነት እንደ ብድር ነው የቆጠሩት፤ ብድሩም የሚመለሰው ለተነጠቁት ሕዝብ ነበር። ከ1876 ጀምሮ አምስት ዓመት ስዊድን ውስጥ ዮሐንስሉንድ ተምረው ሲመለሱ፣ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ኦሮሞ ምድር ነው። መንገዱ ግን አልከፈት አለ። በሱዳን በኩል የወጣው ቡድን አሶሳ ከደረሰ በኋላ ለመመለስ ተገደደ፤ በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲገባ ኦኔሲሞስ በንዳድ ታመው ነበር። በ1886 በሸዋ በኩል የተደረገው ሙከራም እንጦጦ ላይ ተገታ፤ ወደ ፊት ለመሄድ ፈቃድ አልተገኘም።

እግር ያልደረሰበት ቦታ መጽሐፍ ሊደርስ ይችላል። ምፅዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ የትርጉሙ ሥራ ጠና። ችግሩ፣ ኦኔሲሞስ አገራቸውን የለቀቁት በልጅነታቸው መሆኑ ነው፤ ቋንቋቸው የልጅ ቋንቋ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ወንጌልን ለመተርጎም ደግሞ የሽማግሌ፣ የእናት፣ የዳኛና የአራሽ ቋንቋ ያስፈልጋል። ይህን ክፍተት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም በባርነት የተሸጠች ነበረች፤ በ1886 ወደ ዓረብ ምድር ስትጋዝ የጣልያን መርከብ አስጥሏት እምኩሉ ደረሰች። የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ወደ 500 የሚጠጉ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ከትዝታዋ ጻፈች። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ወጥተዋል። ሐዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊትዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ባለችው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በሕዝብ ዘንድ የገነነው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው፤ በእኔ ግምት የአስቴር ድርሻ እስከ ዛሬ ድረስ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ በቁቤ የሚማር የነቀምት ወይም የሚኒያፖሊስ ወጣት ያን እትም ቢያገኝ፣ ቋንቋው የራሱ ሆኖ ፊደሉ እንግዳ ይሆንበታል።

ኦኔሲሞስ ወደ ኦሮሞ ምድር የገቡት በ1904 ነው፤ ከተነጠቁ 35 ዓመት በኋላ። የገቡትም ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይሆን ወደ ወለጋ ነቀምት ነበር። የአካባቢው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ በክብር ተቀበሏቸው። አስቴርም በዚያ ማስተማር ጀመረች።

የኦኔሲሞስ ስብከት በኦሮምኛ ነበር፤ ግጭቱን ያመጣውም ይኸው ነው። በአካባቢው የነበሩት ካህናት በግዕዝ ይቀድሳሉ፣ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ሰባኪው ለምእመናኑ የሚለውን ብዙዎቹ አይሰሙትም። የማይሰሙት ቃል ደግሞ ጥርጣሬን ይወልዳል። ጉዳዩን በቋንቋ ብቻ መተርጎም ግን ካህናቱን መበደል ይሆናል። በባሕር ማዶ ሚስዮን የተማረ ሰው ያለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድ ሲያስተምር ማየት፣ እምነታቸውን ለሚጠብቁ ሰዎች ቀላል ነገር አልነበረም። ኦኔሲሞስ ድንግል ማርያምን ተሳድበዋል ተብለው ተከሰሱ። በ1906 ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡና ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉት፤ ወደ ነቀምት ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ ተባለ።

ለሰባኪ ከዚህ የከፋ ቅጣት ማሰብ ያስቸግራል። ኦኔሲሞስ ግን ስደትን መርጠው አልሄዱም፤ ዐመፅም አላነሡም። ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል አስቆጠሩ። ያን ያህል ዓመት የለፉበትን መጽሐፍ ማንበብ የሚችል ልጅ ሳይኖር ስብከቱ ምን ሥር ይኖረዋል? ክልከላው ሳያስበው በዚህ በኩል ረድቷቸዋል ለማለት እደፍራለሁ። በዝምታ የቆዩት ወደ አሥር ዓመት ነው። በ1916 ልጅ ኢያሱ ለመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ወረዱ፤ ፈቃዱን ግን የሻረው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ኦኔሲሞስ ሰበኩ፣ አስተማሩ፣ መጽሐፎቻቸውን አሰራጩ። የባሪያ ንግድ ፈጽሞ ያልጠፋበት ዘመን ነበር፤ ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ የተሻረው በ1942 ነው። እሳቸው ያን ቀን አላዩትም። ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምት ላይ ዐረፉ። አስቴር ከእሳቸው በኋላ 33 ዓመት ኖረች።