ጥላሁን ግዛው፦ ተሸንፎ ዳግም የተወዳደረው የተማሪዎች መሪ

ዛሬ ስንዴና ገብስ በሚታፈስበት የሲናና ደጋ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት ብዙ ገበሬ በሚያርሰው መሬት ላይ የጸና መብት አልነበረውም። የባሌ ገበሬዎች ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪዎች እየተመሩ መሣሪያ ያነሡትም በመሬት፣ በግብር ጫናና በአስተዳደር በደል ተማርረው ነበር። በእነዚያው ዓመታት የአዲስ አበባ ተማሪዎች ይህንኑ የመሬት ጥያቄ በአደባባይ አንሥተዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። ከዚህ ትውልድ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣው አንዱ ጥላሁን ግዛው ነው።

ጥላሁን የማይጨው ሰው ነው። የተወለደው ከመኳንንት ቤተሰብ ሲሆን፣ በአባቱ በኩል እኅቱ የሆኑት ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዑል መኮንን ባለቤት ነበሩ። በዝምድናው ተጠግቶ ሹመት መጠበቅ ይችል ነበር። እርሱ ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን ትግል መረጠ።

በ1961 ዓ.ም. ለተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። ሽንፈቱ ግን ከትግሉ አላራቀውም። በዚያው የትምህርት ዘመን ተቃውሞው ከዩኒቨርሲቲው አልፎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ፤ ትምህርት ተቋረጠ፣ ብዙ ተማሪዎችም ታሰሩ። በ1962 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት ጥላሁን ዳግም ለውድድር ቀረበ። በዚህ ጊዜ ለአዲስ ገቢዎች እንግዳ አልነበረም፤ ሽንፈትን የቀመሰ፣ የግቢውን ውጣ ውረድ ያየ አንጋፋ ተማሪ ነበር። በኅዳር ወር ተመረጠ።

የተረከበው ወንበር ክብር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነበረበት። በዚያው ወር የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ በተማሪዎቹ መጽሔት ላይ ወጣ። በተማሪዎቹና በመንግሥት መካከል የነበረው ቅራኔም እየከረረ ሄደ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቀው በአፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመቶ ሞተ። ከተመረጠ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ተማሪዎች ግድያውን በመንግሥት እጅ እንደተፈጸመ ቆጠሩት። በማግሥቱ አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ወስደው ለለቅሶ በተሰበሰቡበት የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፤ ሌሎች ተማሪዎችም ሕይወታቸውን አጡ። ሐዘኑ በየትምህርት ቤቱ ተሰማ፤ የጥላሁን ስምም ከዚያ በኋላ ለመጣው የተማሪ ትውልድ መታወቂያ ሆነ።

ንጉሣዊው ሥርዓት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወደቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተባለ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው የእርሻ መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁን ያወጣው ወታደራዊው ደርግ ነው። ጥያቄውን ለዓመታት ያቆዩት ግን እንደ ባሌ ያሉ አካባቢዎች ገበሬዎችና በከተማ የተሰለፉት ተማሪዎች ነበሩ። አዋጁ መሬትን የመጠቀም መብት እንጂ የመሸጥ መብት አልሰጠም፤ በዚህ ላይ የተነሣው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም።

ጥላሁን ይህን ሁሉ አላየም። ስለ ገበሬው መሬት ሲከራከር ከእርሻው ለራሱ የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም፤ ይልቁንም በጭሰኛ ጉልበት ከሚኖረው ወገን የተወለደ ነበር። መጀመሪያ በተሸነፈ ጊዜ ዝም ብሎ ትምህርቱን ጨርሶ ቢወጣ የሚወቅሰው አልነበረም። ተመልሶ ድምፅ ጠየቀ፤ የተሰጠውን አደራም በሕይወቱ ከፈለበት።