ኤሪክ አወርባክ፦ ሁለተኛ ጊዜ ተማሪ የሆነው ዶክተር

የመጽሔቱ አዘጋጆች አንድ ነገር ጻፊልን ሲሉኝ ስለ ሙያችን እንደምጽፍ ገምታችሁ ይሆናል። ዘንድሮ ይቅርታ አድርጉልኝ። የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር መመዝገቤን የሰማችሁ ሁሉ ምን ሊያደርግልሽ ነው ብላችሁኛል። አንዷ ወዳጄማ ሥራው ከሰለቸሽ ዕረፍት ውጪ ብላ መክራኛለች። እኔም የረባ መልስ አልሰጠሁም። በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ስለ ልቦለድ ሊማር ክፍል ሲገባ ራሱም ትንሽ ያፍራል። ስለዚህ የራሴን ትቼ የአንድ ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ። ሕክምና ስንማር ስሙን ያነሳልን አልነበረም፤ አሁን በገባሁበት ክፍል ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚጠሩት አንዱ ነው። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ኤሪክ አወርባክ በ1892 በርሊን ውስጥ ደህና ኑሮ ካለው የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በከተማው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተምሮ ሕግ ገባ፤ በ1913 ከሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ዶክትሬቱን ሲይዝ ገና የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ በወንጀል ሕግ ላይ ነው። የእኛ አገር ቤተሰብ ቢሆን ድግስ ተደግሶ፣ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር።

በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ወጣቱ የሕግ ዶክተር ዘምቶ እግሩን ቆሰለ፤ ሜዳይም ተሸለመ። ከጦር ሜዳ ሲመለስ ፊቱን ወደ ሥነ ጽሑፍ አዞረና ከዜሮ ጀመረ። በ1921 ከግራይፍስቫልት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዶክትሬቱን አገኘ፤ ርዕሱም በጣሊያንና በፈረንሳይ የህዳሴ ዘመን መባቻ የተጻፉ አጫጭር ታሪኮች አሠራር ነበር። አንድ አገር አልበቃውም ማለት ነው።

ወንበር ግን ወዲያው አልተገኘም። ከ1923 ጀምሮ በበርሊኑ የፕሩሲያ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ ቆየ። ሁለት ዶክትሬት ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ውስጥ መዋል! በዚሁ ጊዜ የጣሊያናዊውን የጃምባቲስታ ቪኮን ትልቅ ሥራ አሳጥሮ ወደ ጀርመንኛ መለሰው፤ በ1924 ታተመ። ቪኮ በኔፕልስ የንግግር ጥበብ ሲያስተምር የሕግ ወንበር ተመኝቶ የተነፈገ ሰው ነው። ሕግን፣ ቋንቋን፣ ግጥምንና ተረትን የሰው ልጅ ራሱ የሠራቸው የአንድ ታሪክ ቅርንጫፎች አድርጎ ያያል። የአወርባክ የሕግ ትምህርት ባከነ የሚለኝ ካለ ወደ ቪኮ እመራዋለሁ።

በ1929 ስለ ዳንቴ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲም ሊዮ ሽፒትሰር የለቀቀውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ያዘ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ግንባር የዋለ ወታደር መሆኑ ለጥቂት ጊዜ ከለለው። በ1935 ግን አይሁዳዊ ስለሆነ ከሥራው ተባረረ። በ1936 ቤተሰቡን ይዞ ኢስታንቡል ገባ። እዚያም የተቀበለው ወንበር ያው የሽፒትሰር ነበር፤ ሽፒትሰር በተራው ወደ አሜሪካ ሄዷል።

ኢስታንቡል ላይ ቆም ልበል። አወርባክ በአዲስ መልክ በተዋቀረው ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ ያስተምራል፤ ረዳቶቹ ወደ ቱርክኛ ይመልሱለታል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዙሪያው ይነዳል። ከግንቦት 1942 እስከ ሚያዝያ 1945 ባለው ጊዜ፣ ለሥራው የሚበቃ ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ከተማ፣ ሚሜሲስ የተባለውን መጽሐፉን ጻፈ። ከሆሜር እስከ ቨርጂኒያ ዉልፍ የአውሮፓ ጸሐፊዎች እውነተኛውን ኑሮ እንዴት እንደገለጹ የሚመረምር ነው። ጨርሶ ባዶ እጁን አልነበረም፤ በገላታ ያሉ የዶሚኒካን መነኮሳት የላቲን አባቶችን መጻሕፍት ነበሯቸው፤ እዚያ እንዲገባ የፈቀዱለት በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ የሆኑት ሮንካሊ ናቸው። ቢሆንም በመስኩ የተጻፈው ሁሉ ቢደርሰው ኖሮ መጽሐፉን ከነጭራሹ ላይጽፈው ይችል እንደነበር ራሱ በመጨረሻው ገጽ አምኗል።

አሠራሩ ለእኛ ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ከአንድ ሥራ አጭር ቁራጭ ይቆርጣል፤ ዐረፍተ ነገሩን በጣቱ እየዳበሰ ይመረምራል፤ ከዚያ ስለ ዘመኑ ሁሉ ይናገራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚነሳው ከጠባሳ ነው። ኦዲሲየስ ከሃያ ዓመት በኋላ የለማኝ ልብስ ለብሶ ቤቱ ይመጣል። ያሳደገችው አሮጊት ሞግዚት እግሩን ስታጥብ ጭኑ ላይ ያለውን የከርከሮ ጠባሳ በእጇ ዳሰሰችና አወቀችው፤ እግሩ ከእጇ አምልጦ ውኃው ተደፋ። ሆሜር እዚህ ላይ ትረካውን አቁሞ ጠባሳው እንዴት እንደመጣ አንድ በአንድ ያወራል። ምንም የሚደበቅ ነገር የለም። አወርባክ ከዚህ ጎን ያስቀመጠው አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ የሄደበትን የኦሪት ዘፍጥረት ታሪክ ነው። ሦስት ቀን መንገድ፣ አህያ፣ እንጨት፣ ቢላ፤ አባትየው በልቡ ምን እንዳሰበ ግን አንድ ቃል የለም። ክብደቱ ሁሉ ዝምታው ውስጥ ነው።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሂስትሪ ስንወስድ ሁለቱም ዓይነት ሰው ይገጥመናል። አንዱ ከአጎቱ ልጅ ሠርግ ጀምሮ ይተርካል። ሌላዋ ልቤን ያመኛል ብላ ዝም ትላለች፤ ጨጓራዋ ይሁን፣ ልቧ ይሁን፣ የቀበረችው ልጅ ይሁን መለየት የእኛ ፈንታ ነው። ስንት ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ጽፌ አሰናብቻለሁ! ለወዳጄ ያኔ ያልመለስኩላት ይህንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አወርባክ ገና ኢስታንቡል ሳለ በ1938 ፊጉራ የሚል ጥናት አሳትሟል። የጥንት ክርስቲያኖች የብሉይ ኪዳንን ታሪክ እውነተኛ ድርጊት አድርገው እየተቀበሉ፣ የሚመጣው ነገር ጥላም አድርገው እንዴት እንዳነበቡት ያሳያል። ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ሐሳቡ ከበዳቸው። እኔ ግን በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግ የክርስቶስ ምሳሌ እንደሆነ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ስሰማ ስላደግሁ፣ ምሳሌና አማናዊ የምንለው ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያን ቀን ብቻ ነው ከክፍሉ ልጆች የቀደምኩት።

ሚሜሲስ በ1946 በስዊዘርላንድ፣ በርን ታተመ። በ1947 ባለቤቱን ይዞ አሜሪካ ገባ። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ ቋሚ ሥራ የለውም። ፔንስልቬኒያ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ ነገር ግን ለቋሚ ቅጥር የተደረገለት የጤና ምርመራ የልብ ሕመም ስላሳየ ቦታው ቀረበት። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኛም እኮ እንዲህ ያለ ቅጽ እንፈርማለን። ለሥራ ብቁ ነው፣ አይደለም፤ ማኅተም፤ ቀጣይ! ያቺ ወረቀት የት እንደምትደርስ አስቤ አላውቅም ነበር። መርማሪው ሐኪም የሰማው ነገር ትክክል ነበር፤ ልቡ በእርግጥ ታማሚ ነው። ያ ታማሚ ልብ ግን በፕሪንስተን የከፍተኛ ጥናት ተቋም አንድ ዓመት፣ ከ1950 ጀምሮ ደግሞ በየል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ዓመት ሠርቷል።

በ1952 ስለ ዓለም ሥነ ጽሑፍ ጥናት የጻፈው ጽሑፍ ዛሬም በየንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ክፍሉ ይነበባል። ሁሉን ማንበብ ስለማይቻል አጥኚው ትንሽ፣ የሚጨበጥ መነሻ ይፈልግ፤ ከዚያ ይስፋ ይላል። ዋና ሕመሙን ያዙ ይሉን የነበሩት አስተማሪዎቻችን ትዝ አሉኝ። የሚሜሲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1953 ወጣ። በየል ካስተማራቸው አንዱ በኋላ ስመ ጥር ሐያሲ የሆነው ፍሬድሪክ ጄምሰን ነው።

አወርባክ ጥቅምት 1957 በኮነቲከት፣ ዎሊንግፎርድ ከተማ አረፈ። 65 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር።

እኔ አሁን ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፤ ዳንቴ ሲኦል ውስጥ ከመቃብራቸው ቀና ካሉ ሁለት ሰዎች ጋር የሚነጋገርበት ነው። ሐሙስ ተረኛ ስለሆንኩ መጽሐፉን ይዤው እገባለሁ። ለዳግም መገናኛችን በዓል ከጨረስኩት ለምትፈልጉ አውሳችኋለሁ፤ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የሞነጫጨርኩትን ግን እንዳታነቡብኝ።