ሮድ ዴዶ፦ ሁለት ጨዋታ ተጫውተው 45 ዓመት ያሠለጠኑት

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ከምትገኘው ትንሿ ኢትዮጵያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ምሥራቅ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የዩኒቨርሲቲው የቤዝቦል ሜዳ የተሰየመው በሮድ ዴዶ ስም ነው። በተጫዋችነታቸው ብቻ ቢመዘኑ ይህ ክብር የሚጠበቅ አልነበረም፤ በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ የተሰለፉት በሁለት ጨዋታ ብቻ ነበርና።

ዴዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 በኒው ኦርሊንስ ተወለዱ። በካሊፎርኒያ ከሆሊውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1935 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰለፉ፤ አራት ጊዜ ለመምታት ቀርበው አንዴ ተሳካላቸው። ብዙም ሳይቆይ የደረሰባቸው የጀርባ አጥንት ጉዳት ወደ ሊጉ የመመለስ ተስፋቸውን አጨለመው።

ዴዶ ፊታቸውን ወደ ንግድ አዞሩ። በ500 ዶላር የጀመሩት የጭነት ማመላለሻ ድርጅት አድጎ ባለሀብት አደረጋቸው። በ1942 የቀድሞ አሠልጣኛቸው ሳም ባሪ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ባሕር ኃይል ሲሄዱ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ተረከቡ። መተዳደሪያቸው ድርጅታቸው ስለነበር፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚቀበሉት ደመወዝ በዓመት አንድ ዶላር ነበር።

ባሪ ሲመለሱ ሁለቱ ቡድኑን በጋራ መሩ። በ1948 የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሡት ዬል ዩኒቨርሲቲን ረትተው ነው። የዬል አምበል ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ነበሩ።

የዴዶ ቡድን በቀላሉ እጅ እንደማይሰጥ በ1973 ታየ። በብሔራዊው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ሚኒሶታ 7 ለ0 እየመራ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ዙር ደረሰ። የሚኒሶታው ኳስ ወርዋሪ፣ በኋላ ዝነኛ የሆነው ዴቭ ዊንፊልድ፣ እስከዚያ አንድም ነጥብ አላስቆጠረባቸውም። በዚያ ዙር ግን የዴዶ ልጆች ስምንት ነጥብ አግኝተው 8 ለ7 አሸነፉ፤ ቀጥሎም ዋንጫውን ወሰዱ። ከ1970 እስከ 1974 በተከታታይ ካነሷቸው አምስት ዋንጫዎች አንዱ ይህ ነበር።

በ1986 ሲሰናበቱ 1,332 ድልና 11 ብሔራዊ ዋንጫ ነበራቸው። ቶም ሲቨር፣ ማርክ ማግዋየርና ራንዲ ጆንሰን በእጃቸው አልፈዋል። ዴዶ በ2006፣ የበርባንክ አጎራባች በሆነችው ግሌንዴል፣ በ91 ዓመታቸው አረፉ። እርሳቸው ሁለት ጨዋታ ብቻ ባዩበት ሊግ፣ ያሠለጠኗቸው ልጆች ለዓመታት ስማቸውን አስጠሩ።